የባላምባራስ ይርጉ ዋንጫ የብር ከንፈር

ወናፌን አይጥ በልቶታል። መዶሻዬን አማቼ ወስዶ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋበት ማስደገፊያ አድርጎታል። ጉጠቴ የት እንደገባ እኔም አላውቅ። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ከሰል አላቀጣጠልኩም፤ ሰው ግን አንጥረኛ ይደክመዋል ብሎ የሚያምን አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ ብዙነሽ ክዳኑ የጠፋበት ፔርሙዝ ታቅፋ መጣችና አፉን የሚገጥም ነገር እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ጣይውና ሌላ ግዢ አልኳት። "አባባ ደምሴ፣ ለእርስዎ ይቺ ምን አላት?" ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣው ሄደች።

ለእሷ ምንም የላት ይሆናል። እኔ ግን አፈ ክብ ዕቃ በእጄ ባዞርኩ ቁጥር አንድ ዋንጫ ትዝ ይለኛል፤ ሲብስም እንቅልፍ ይነሳኛል። ፔርሙዙ እዚያው ተቀምጦ ሲያየኝ ስለሰነበተ፣ ስለ ሥራ ዘመኔ ጻፍ እያሉ ለሚጨቀጭቁኝ ልጆቼ ይህን ልጻፍላቸውና ይረፉ፣ እኔም ልረፍ።

ሥራውን የተማርኩት አንኮበር ነው፤ ያስተማሩኝም አያ ወርዶፋ የሚባሉ አንጥረኛ ናቸው። የአገሩ ሰው ዕቃው ደህና ሲሆን ቡዳ ይለናል፣ ሲሰበርበት ደግሞ ባለ እጅ። አያ ወርዶፋ ሁለቱንም ስም እኩል ነበር የሚሰሙት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዕቃውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ሲያዞሩት ያየ ሰው የሚያሳድጉት ሕፃን ነው የሚመስለው። "ዓይን ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል፤ የጎበጠውን ሁሉ ያቃናብሃል። በእጅህ እየው" ይሉኝ ነበር። የዋንጫ አፍ ሲሆን ደግሞ በእጅም አይበቃቸውም፤ ከገዛ ከንፈራቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ያዞሩታል። የሚጠጣው ከንፈር ነውና የሚፈርደውም እሱ ነው ባይ ናቸው።

ሥራችን ሰም ነበር ማለት ይቻላል። ብሩ ኋላ ነው የሚመጣው። የጎደለውን የዕቃውን ክፍል መጀመሪያ በሰም ትሠራለህ። ሰሙን እሳት አታሳየውም፤ ብብትህ ውስጥ ይዘህ ታለሰልሰዋለህ፤ እሳት ያየ ሰም ላዩ ይቀልጥና ውስጡ ይደርቃል። ከዕቃው ጉብታ ላይ ትለጥፈዋለህ፣ በጥፍርህ ትቀርጸዋለህ፣ ቀዝቀዝ ሲል ሳይታጠፍ ታነሳዋለህ። ከዚያ ከሰል ዱቄትና ፋንድያ የተቀላቀለበት ጭቃ ታለብሰዋለህ። ጭቃው በእሳት ሲጠበስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ እሱ በለቀቀው ባዶ ቦታ ብሩን ታፈስሳለህ። ብር ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ሰሙን ትንሽ ወፈር አድርጎ መተው አለ። ምን ያህል ወፈር ብዬ ብጠይቃቸው "እስኪበቃው" ነበር መልሳቸው። እኔም መጠየቅ ተውኩ።

አያ ወርዶፋ ልማደ ብዙ ሰው ነበሩ። ብር ሲያፈስሱ ሰው አያናግሩም። ከሰሙ የተረፈችውን ፍርፋሪ አፋቸው ውስጥ ያላምጧታል። ወናፉን ከመንካታቸው በፊት ያማትባሉ። የቀንድ ዋንጫ ሲመጣላቸው ደግሞ ሰም ከማስነካታቸው በፊት እስከ አፉ ውኃ ይሞሉትና ያሳድሩታል። "ይጠጣ" ይላሉ፤ "የተጠማ ዕቃ እውነቱን አይናገርም።" እኔ ይህን ከማማተቡና ከሰም ማላመጡ ጋር አንድ ላይ ነው የቆጠርኩት። ከልማዳቸው ውስጥ የትኛው ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው እንዲሁ የሽማግሌ ነገር እንደሆነ ለይቶ የነገረኝ አልነበረም።

ጣሊያን ሲገባ የአንኮበር ገበያ ተበተነ። ብር ያለው ቀበረው እንጂ ጌጥ አላሠራበትም። አያ ወርዶፋ "እኔ የትም አልሄድም፣ ጉልበቴም አይሄድም" ብለው ቀሩ፤ እኔ ደብረ ብርሃን እህቴ ዘንድ መጣሁ። እዚያም ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ጠቁሞኝ የጣሊያን ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ገባሁ። ጠቆመኝ የምለው እንዳልለመንኩ እንዲታወቅልኝ ነው፤ አልገባም አለማለቴንም አልደብቅም። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይባል የለ።

የጋራዡ አለቃ ቁመተ አጭር፣ ቁጣው ቅርብ የሆነ ሰው ነበር። ሁላችንም ሲኞሬው እንለው ነበር። ጣርማ በር ዋሻው ሲፈለፈል ከዚያ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ የሚራገፈው እኛ ዘንድ ነው፤ እጀታው የተነቀለ ጀበና መሳይ የብረት ማፍያ፣ ሆዱ የጎደጎደ ፋኖስ፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን። ሲኞሬው እንደ መንጋጋ የሚከፈትና የሚዘጋ መለኪያ ነበረው። ዕቃውን ይነክስበታል፣ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ "ልክ! ልክ!" እያለ ይሰጠኛል። የምሠራለት ክዳን ሳይመታ ከገጠመ ትከሻዬን መታ ያደርጋል፤ ካልገጠመ ክዳኑን ይወረውረዋል፣ አንዳንዴም በእኔ በኩል። ከእሱ ብዙ ተምሬያለሁ። ደመወዙ በሊሬ ነበር፤ ባላገሩ ሊሬ አይቀበልም ነበርና ስለ ደመወዙ ይኸው ይበቃል።

ቆርቆሮ ውኃ አይጠጣም። ዛሬ የለካኸው ነገም ያው ነው። እንዲህ ባለ ዕቃ ስሠራ ከርሜ የቀንድን ጠባይ ረሳሁት፤ ወይም ድሮም አላውቀውም ነበር።

በከተማው ውስጥ ስሄድ ከኋላዬ ባንዳ የሚለኝ አይጠፋም። ጠመንጃ አልያዝኩ፣ ሰው አላስያዝኩ፤ ግን ለማን ትናገራለህ? እህቴ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መቅረት ጀምራ ነበር። ወይዘሮ አስካለ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው።

ወይዘሮ አስካለ ከጫጫ በዚህ በኩል የሚኖሩ፣ የባላምባራስ ይርጉ ባለቤት ናቸው። ባላምባራስ ጣሊያን በገባ ጊዜ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ገደሉ የወረዱ አርበኛ መሆናቸውን ያልሰማ አልነበረም፤ በኋላ ደግሞ ሞቱ ተብሎ ተወራ። ሴትዮዋ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እህቴ ቤት ገቡና ከኩታቸው ውስጥ አንድ ትልቅ የቀንድ ዋንጫ አወጡ።

"ደምሴ የምትባለው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እሜቴ።"

"ለጣሊያን ድስት ይጠግናል አሉኝ።"

"እንጀራ ሆኖብኝ ነው።"

"ልፈርድብህ አልመጣሁም። ይህን ትችለዋለህ?"

ዋንጫውን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከአፉ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስባሪ ጎድሎታል። ቤታቸው ሲፈተሽ አንድ ወታደር በሰደፍ መትቶት ነው፤ ስባሪውም እዚያው እሳት ውስጥ ገብቶ ቀረ። የባላምባራስ ወንድሞች ሞቱ የተባለው እውነት ነው፣ ተዝካሩ ይውጣ እያሉ ይጨቀጭቋቸዋል። እሳቸው ግን አሻፈረኝ ብለዋል።

"ሬሳውን ሳላይ ተዝካር አላወጣም" አሉኝ። "ቤቱን ሲገባ በዚህ ይጠጣል። በተሰበረ ዋንጫ ነው የጠበቅሽኝ ብሎ እንዲያዝንብኝ አልፈልግም።"

ለሥራው የሚሆነውን ብርም ይዘው መጥተዋል፤ ከእግራቸው የወለቀ አልቦ ነበር። እግራቸው ላይ የነጣውን ቦታ አይቼ አንገቴን ደፋሁ።

እዚያው አንድ ሐሳብ አደረብኝ። ሰውየው በሕይወት ካሉና ከተመለሱ፣ በዚህ ዋንጫ ሲጠጡ የማን ሥራ ነው ማለታቸው አይቀርም። የደምሴ ነው ይባላሉ። አርበኛው የጠጡበትን ያበጀ እጅ ከዚያ ወዲያ ማን ባንዳ ይለዋል? እህቴም አብራኝ ትሄዳለች። ሴትዮዋ ባላቸው እንዳያዝንባቸው፣ እኔ ደግሞ ስሜ እንዲነጻልኝ፣ ሁለታችንም በዚያች ቀንድ ላይ ተስፋችንን ሰቀልን።

"ነገ ልጀምር" አልኳቸው። "ዛሬ ውኃ ሞልቼ ላሳድረው።"

ዋንጫውን ከእጄ ነጠቁኝ። "ውኃ? እሱ ተመልሶ የሚጠጣው እስኪቀዳበት ድረስ ጠብታ አይገባበትም ብዬ ለማርያም ተስያለሁ። ወንድሞቹ እንኳ ጠላ ሊቀዱበት ቢሉ አልሰጠሁም። ውኃው ለምንድን ነው?"

ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አያ ወርዶፋ ያደርጉ ስለነበር ነው።

"እንዲሁ የጌታዬ ልማድ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያ ለሰው ልማድ ብዬ ስለቴን አላፈርስም።"

እኔም እሺ አልኩ። ብቻ ያለ ውኃ መሆኑ ትንሽ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ ስለት ይበልጣል ብዬ ተውኩት።

እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሠራሁም። ከጋራዥ ስመለስ ፀሐይ እስክትገባ በር ላይ ቁጭ እላለሁ። ቀንዱ በአንድ በኩል ይጎብጣል፣ ወደ አፉ ሲደርስ ደግሞ ይጣመማል፤ ሁለት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም። ሰሙን በብብቴ እያሞቅሁ ስባሪው ላይ ሞላሁ፤ ለብቻው እንዳይወልቅ ደግሞ አፉን ዙሪያውን ከሚያቅፍ ቀለበት ጋር አንድ አድርጌ ቀረጽኩት። ሰሙን ሳነሳ ተጣመመብኝ፤ አፍርሼ እንደገና። ብሩ ከወጣ በኋላ የቀንዱን ጠርዝ የኩራዝ ጥላሸት ቀባሁትና ቀለበቱን አጠለቅሁበት፤ አውጥቼ ሳየው ጥላሸት የነካው ቦታ ጎርበጥ ያለው ነው፤ እሱን ብቻ በሞረድ ላግ አደርጋለሁ። እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና ሞረድ። የሲኞሬውን "ልክ! ልክ!" እያስታወስኩ ፀጉር የምታህል ክፍተት እንኳ አልተውኩም። በመጨረሻ ከንፈሬ ላይ አድርጌ አዞርኩት። ቀንዱ የት እንዳለቀ፣ ብሩ የት እንደጀመረ አላወቅሁም።

ወይዘሮ አስካለ ሲረከቡኝ ጣታቸውን በአፉ ዙሪያ አስኬዱና አለቀሱ። "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። በዚያ ዘመን እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረምና እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ዋንጫው ከግድግዳቸው ላይ ተሰቅሎ ከረመ። የባላምባራስ ወንድሞችም ተስፋ ቆርጠው ስለ ተዝካሩ መጨቅጨቅ ተዉ። ጣሊያን ሲወጣ ጋራዡ ባዶውን ቀረ፤ ሲኞሬውም መለኪያውን ሳይቀር ጥሎ ከምርኮኞቹ ጋር ሄደ። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው ባላምባራስ አልሞቱም፣ ጣርማ በርን አልፈው እየመጡ ነው የሚል ወሬ የደረሰው። ወይዘሮ አስካለ ሰው ልከው "አንተም ና፣ ያበጀውን ሰው ይየው" አስባሉኝ። ነጭ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። እህቴም አብራኝ ሄደች፤ ያን ዕለት ወደ ኋላ አልቀረችም።

ስደርስ ዋንጫው እስከ አፉ የገብስ ጠላ ተሞልቶ መደቡ ላይ ተቀምጧል። በጠዋት መጡ ስለተባለ ሴትዮዋ በጠዋት ቀድተው፣ የመጀመሪያው የእሱ ነው ብለው ሰው ሳያስነኩ ሲጠብቁ ውለዋል። ባላምባራስ የገቡት ፀሐይ ከዞረች በኋላ ነው። ከበቅሎ ያወረዷቸው ደግፈው ነው። ቀይ ረጅም ሰው ነበሩ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያየሁት ግን ጋቢ የለበሰ አጥንት ነው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ቆስለው ድነው እንደተጨበጡ ቀርተዋል። ዋንጫ መያዝ አልቻሉም።

ወይዘሮ አስካለ የተሳሉትን እየነገሯቸው በሁለት እጃቸው አንስተው ከአፋቸው አደረሱላቸው። ባላምባራስ ተጎነጩ፤ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቤት የሞላው ሰው ትንፋሹን ይዟል።

ያን ጊዜ ቀንዱ ጣ! አለ። ከብሩ ከንፈር ጀምሮ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ጠላው በባላምባራስ ደረት ላይ፣ በጋቢያቸው፣ በሴትዮዋ ክንድ ላይ ወረደ።

እልል ሊሉ የተዘጋጁት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። አንዲት ባልቴት "ውይ፣ ምልኪ ነው!" አሉ። ከባላምባራስ ወንድሞች አንዱ ወደ እኔ ዞሮ "ድሮስ የባንዳ እጅ!" ሲል ሰው ሁሉ አየኝ።

"ተው" አሉ ባላምባራስ። ድምፃቸው ደካማ ነበር። "ጠጥቻለሁ። ስለቷ ደርሷል፤ ምን ቀረ?"

ደግ ቃል ነበር። ግን ወይዘሮ አስካለ ስንጥቁን በሁለት መዳፋቸው አፍነው ይዘው፣ ጠላው በጣቶቻቸው መሐል እየወረደ፣ ቀና ብለው አላዩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እህቴን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ወደ አንኮበር ሄድኩ። አያ ወርዶፋ ዓይናቸው ጠፍቶ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ድምፄን ሲሰሙ ለዩኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"አጠጥተኸው ነበር?"

"ስለት አለብኝ ብለው ከለከሉኝ።"

"ቀንድ እንደ ቁርበት ነው፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲርስ ያብጣል። አንተ በደረቁ ለክተህ በብር አነቅኸው። ሲጠጣ የት ይሂድ?"

"ስለት ነው አሉኝኮ፣ አያ!"

"ጠብታ አይግባበት ነው ያለችህ። እርጥብ ጨርቅ በላዩ እንዳትጠቀልልበት ከለከለችህ?"

ከውጭ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢያድር ጠብታ ሳይገባበት ይርስ ነበር። ስለቱም አይፈርስ፣ ቀንዱም አይሰነጠቅ። ደሜ ፈላ።

"ለምን አልነገሩኝም? የተጠማ ዕቃ ምናምን ከማለት፣ ያብጣል ብለው አይነግሩኝም ነበር?"

"ለምን ነው ብለህ ጠይቀኸኛል?"

"ስጠይቅዎ 'እስኪበቃው' ነበር የሚሉኝ!"

አያ ወርዶፋ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። "እኔንም ጌታዬ አልነገረኝም" አሉ። "አንድ ዋንጫ ሰንጥቄ ነው ያወቅሁት።" ተነስቼ መንገዴን ያዝኩ። ተናድጄባቸው ነበር፤ አሁን በእሳቸው ዕድሜ ሆኜ እንኳ ንዴቱ ጨርሶ አልወጣልኝም።

ተመልሼ ወይዘሮ አስካለ ደጅ ቆምኩ። ሳያስገቡኝ ዋንጫውን በደጅ ሰጡኝ። አሁን ስለቱ ደርሷልና ውኃ ውስጥ ነክሬ አሳደርኩት፤ ቀለበቱን ቆርጬ አሰፋሁት፤ ስንጥቁን በግራና ቀኝ በስቼ በብር ሽቦ ሰፋሁና በሰም ደፈንኩት። የተሰነጠቀ ቀንድ ግን ተመልሶ ሙሉ አይሆንም፤ ሲሞላ አንድ አንድ ጠብታ ያንጠባጥባል። ባላምባራስ ሌላ ዋንጫ እምቢ ብለው በእሱ ይጠጡ ነበር። "አንድ ለእኔ፣ አንድ ለጋቢዬ" እያሉ ይቀልዱ ነበር አሉ። ከገደል ይዘውት የመጡት የደረት በሽታ ግን አልለቀቃቸውም። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ተዝካራቸውን ወይዘሮ አስካለ ማንም ሳይጨቀጭቃቸው አወጡ። እኔ አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራሁ። ሰላ ድንጋይ ከረምኩ፣ አልዩ አምባ ለነጋዴዎች የጩቤ አፎት ሠራሁ፣ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ሱቅ ከፈትኩ። ባንዳ የሚለኝም በጊዜው ጠፋ፤ ሰው የሚለው ሲያጣ ይተዋል። የቀንድ ዋንጫ የመጣልኝ እንደሆነ ግን ለባለቤቱ ልማዴ ነው አልልም፤ ቁጭ አድርጌ ቀንድ ምን እንደሆነ አስረዳዋለሁ። ብዙው ሰው ይሰለቻል። ይሰልች።

ወይዘሮ አስካለን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ደግሜ ያየኋቸው። ለልቅሶ ወደ ጫጫ ስወርድ ቤታቸው አጠገብ ዝናብ ያዘኝና ገባሁ። አርጅተዋል። ዋንጫው ከግድግዳው ወርዶ አልጋቸው አጠገብ በውኃ ሙሉ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ለጠብታው መቀበያ ጣሳ አድርገውለታል።

"እሱ ካረፈ ወዲህ አንድ ቀን አላደረቅሁትም" አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። "ጠዋት ጠዋት እሞላዋለሁ።"

ጠብታው ጣሳው ላይ ይሰማል።

"ደምሴ" አሉኝ፤ "ያን ዕለት ለምንድን ነው ብዬ ጠይቄህ ነበርኮ። እንዲሁ ልማድ ነው አልከኝ። ይሰነጠቃል ብትለኝ ኖሮ ማርያምን ለምኜ ጠብታ ውኃ አስፈቅድልህ አልነበር?"

ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ።

ወይዘሮ ብዙነሽ ነገ ለፔርሙዟ መምጣቷ አይቀርም። እጄ ቢንቀጠቀጥም ከወይራ አንድ ውታፍ ጠርቤ እሞክርላታለሁ። መጀመሪያ ግን ወደ ቤቷ ወስዳ አፉ ሲሞቅ እንድለካው የፈላ ውኃ ሞልታ እንድታመጣው፣ እንጨትም እንደ ቀንድ ሲርስ ያብጣልና እሱንም አብረን ነክረን እንድናሳድረው እነግራታለሁ። ለምን ብላ ባትጠይቀኝም ለምን እንደሆነ እነግራታለሁ።